አገልግል ይዞ መግባት ክልክል ነው

ሙሽራ ሁሉ ዛንዚባር መሄድ ከጀመረ ሰነበተ። ድሮ ለጫጉላ ሶደሬ ወይም ላንጋኖ የሄዱ ጥንዶች ሰፈር ውስጥ ዓመት ሙሉ ይወራላቸው ነበር። ዛሬ «ላንጋኖ ነው የሄድነው» የሚል ሙሽራ ቢገኝ ሰሚው ከንፈሩን መጥጦ «ምን ይደረግ፣ ኑሮው ነው» ይለዋል። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ ወደ ውሃው የተንጋደደ ዘንባባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትስቅ ሙሽራ፤ በስልካችን የማናየው ደሴት የለም።

እኔ የአዳማ ሰው ነኝ። አዳማ ባሕር የላትም። ያላት ሙቀት፣ አቧራ እያሽከረከረ የሚያነሳ ነፋስ፣ ባጃጅና ሰልጣኝ ነው። ሰልጣኝ የምለው ከአዲስ አበባ ለሥልጠና ተልኮ መጥቶ አበሉን ፈርሞ የሚወስደውን ወገናችንን ነው። ናዝሬት ስትባልም ሆነ ወደ አዳማነቷ ስትመለስ የከተማችን ዋነኛ ቱሪስት እሱ ነው። የፍጥነት መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ኑሮው ተቃልሎለታል፤ እሱ ማታ አዲስ አበባ ቤቱ ያድራል፣ አበሉ አዳማ ያድራል።

ደሴት ግን አለን። ሰምታችሁ ከሆነ ዝዋይ የምንለው ደንበል ሐይቅ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ደሴቶቹ ያሉት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሃዋይ 20 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ሞሪሺየስም በደቡብ በኩል እንደዚያው። በካርታ ሕግ ከሄድን ቱሉ ጉዶ ከሁለቱም የበለጠ የሐሩር ደሴት ነው ማለት ነው። ይህንን ለእህቴ ልጅ ባስረዳት «ታዲያ ዘንባባው የታለ?» አለችኝ። የዛሬ ልጅ በዲግሪ አያምንም።

በኛ ቤት የሽርሽር ነገር ከውሃ ዳር በፊት ወጥ ቤት ይጀምራል። ቅዳሜ ልንሄድ ከሆነ ሐሙስ ማታ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ዓርብ ዶሮው ይበለታል፤ ሌሊቱን ወጡ ይንተከተካል። እማዬ አገልግሉን ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ ቆዳውን በጨርቅ ስትወለውል ያየ ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ «ልንዝናና ነው» ብሎ ያወራል፤ ቦታው ገና አልተወሰነም። ከአገልግሉ ሌላ ድስቱ አለ፣ ድፎው አለ፣ ቆሎው አለ፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ምድጃ፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ሰሌን፣ ሁለት ትራስ፣ ለአክስቴ ወገብ የሚሆን አንድ ዱካ፣ ውሃ በጀሪካን። ሐይቅ ዳር ልንሄድ ውሃ በጀሪካን! ይህም ይሁን። እኔን የሚገርመኝ ቄጠማው ነው። ሣር ወደሞላበት አገር ቄጠማ ገዝቶ የሚሄድ ሌላ ሕዝብ ይኖር ይሆን? ጠየቅኋት። «የሰው አገር ሣር ምን እንደነካው በምን አውቃለሁ?» አለችኝ እማዬ፣ ቄጠማውን በፌስታል እየጠቀለለች።

መኪናው አባዱላ ነው፣ በኮንትራት። ጉዞው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሳል ተብሎ ስምምነት ላይ ይደረሳል፤ ስምምነቱም ስለሚከበር ሁላችንም በ12 ሰዓት ከእንቅልፋችን እንነሳለን። መኪናው የሚንቀሳቀሰው 4 ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ ስለሚያዞራት ከሾፌሩ አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሎሚ በእጇ ይዛ እያሸተተች መንገዱን ትቆጣጠራለች። ሎሚው ለሷ ነው፣ ቁጥጥሩ ለሾፌሩ። የቀረነው ከኋላ ከድስቱ ጋር ነን። ድስቱ ወንበር አለው፤ እኔ የለኝም።

ቅርቡ ሶደሬ ነው፣ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ ፍል ውሃው ከመሬት ይወጣል፤ ስምጥ ሸለቆ እየተሰነጠቀና እየሳሳ የሚሄድ መሬት ስለሆነ የታችኛው ሙቀት ላይኛውን ውሃ ያገኘዋል። ገንዳው የወጣቶቹ ነው። አሮጊቶቹ ግን ለመዋኘት አይመጡም፣ ለጉልበታቸው ነው። እግራቸውን ነክረው ስለ ሪህ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ልጆቻቸው ሚስቶች ይመካከራሉ፤ ሦስቱም በሽታዎች ለውሃው እኩል አይታዘዙም። ከሥር አዋሽ ይፈሳል፣ አዞ አለና አትጠጉ ይባላል። እኔ አዋሽን ባየሁት ቁጥር ዘመዴ ይመስለኛል። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ለወንጂ አገዳ ውሃ ያጠጣል፣ በቆቃ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ያመነጫል፤ በመጨረሻ ባሕሩን ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የዚህ አገር ወንዝ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

የሶደሬ ባለቤቶች ግን ጦጣዎቹ ናቸው። ሰልጣኝና ቤተሰብ ለይተው ያውቃሉ። ሰልጣኝ ሲመጣ ከዛፉ አይወርዱም፤ ሰልጣኝ የሚይዘው ቦርሳና እስክሪብቶ ነው። አገልግል የተሸከመ ሰው በበሩ ሲገባ ግን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ወሬው ይተላለፋል። አንድ ጊዜ በጽጌ ጾም ሄድን። ጽጌ ጾም እንደምታውቁት የፈቃድ ነው፤ ስለዚህ የቤተሰቡ ግማሽ ይጾማል፣ ግማሹ «የፈቃድ ነው» ይላል። ሁለት ዓይነት ምግብ ተዘርግቶ ሳለ አንዲት ጦጣ ከላይ ዱብ አለች፤ ዶሮ ወጡን በዓይኗ ቃኘች፣ እንቁላሉን አየች፣ ከዚያ ሙዙን አንስታ ሄደች። አክስቴ ወደ አጎቴ ዞር ብላ «አየህ? እሷ እንኳ ታከብራለች» አለችው። አጎቴ የያዘውን ፈረሰኛ ሳያስቀምጥ «እሷ አልጠገበችም» ብሎ መለሰ። ጭቅጭቁ እስከ ቡና ዘለቀ።

ላንጋኖ ስንሄድ መንገዱ ራሱ ጉዳይ አለው። አሁን ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስድ የፍጥነት መንገድ ተሠርቶ ደንበል ዳር ያለችው ባቱ ደርሷል፤ ፈጣንና ንጹሕ ነው። አክስቴ አትወደውም። ምክንያቷ ግልጽ ነው፤ የፍጥነት መንገድ ላይ ቲማቲም አይሸጥም። በአሮጌው መንገድ ቆቃ ላይ ልጆች ዓሣ በገመድ አንጠልጥለው ይሮጣሉ፤ መቂ ላይ ሽንኩርት፣ ፓፓያ፣ ሀባብ ተቆልሏል፤ ወደ ቡልቡላ ግድም ከሰል በጆንያ ቆሞ ይጠብቃል። አክስቴ በሁሉም ቦታ «እስቲ አቁም» ትላለች። ስንሄድ ዋጋ ታጣራለች፣ ስንመለስ ትገዛለች። አባዱላው ሲሄድ በድስት የተሞላውን ያህል ሲመለስ በቲማቲም ሣጥን ስለሚሞላ፣ ከሽርሽር የተመለስን ሳይሆን ከጅምላ ገበያ የመጣን ነው የምንመስለው። ሾፌሩ አንድ ቀን «እማማ፣ ይሄ ኮንትራት የሰው ነው ወይስ የዕቃ?» ቢላት «አንተ ሰው ስታወርድ ዕቃውን ትተዋለህ?» ብላ ዝም አሰኘችው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር መጣን።

ላንጋኖ ዳር፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ሎጅ አለ። አጥሩ ያማረ፣ በሩ ላይ ቡጋንቪላ የወጣበት። ከአበባው ሥር በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ «ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው»። አባዱላው ቆመ። ጥበቃው ቀረብ ብሎ በመስኮት አየ፤ ድስቱን አየ፣ አገልግሉን አየ፣ ቄጠማውንም ሳይቀር አየ። «ሰዎቹ ይገባሉ» አለ በትሕትና፣ «ይሄኛው ውጭ ይቆያል።»

ከዚህ በኋላ የተደረገውን ድርድር የዲፕሎማሲ ተማሪ ቢያየው ይጠቅመዋል። መጀመሪያ አክስቴ የሕክምና መስመር ያዘች፤ ስኳር አለባት፣ ግፊት አለባት፣ ከቤቷ ውጭ የተሠራ ምግብ አይስማማትም። ጥበቃው አዘነላት፤ «እግዜር ይማርዎት፣ የርስዎን ብቻ በሣህን ያስገቡ» አላት። የሷን ብቻ! አክስቴ ብቻዋን የበላችው ምሳ በሕይወቷ የለም። ቀጥሎ አጎቴ ወረደ። እሱ መንገዱ የዝምድና ነው። በኦሮምኛ «አካም» ብሎ ጀምሮ አገሩን ጠየቀው፣ የአርሲ ነገሌ ልጅ መሆኑን ሰማ፣ ነገሌ የሚያውቃቸውን ሰዎች በሙሉ ቆጠረለት፤ በመጨረሻ የጥበቃው አያት ከአጎቴ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ አማት ጋር አንድ ቀዬ እንደነበሩ ተደረሰበት። ጥበቃው በደስታ ተሳለመው። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆሙ። ድስቱ ግን አልገባም። «አባቴ» አለ፣ «ዘመድማ ነን። ካሜራ አለ።»

እማዬ እስከዚያ ድረስ ምንም አላለችም ነበር። ወርዳ ዙሪያውን አየች፣ ከበሩ ማዶ አንድ ትልቅ ግራር አገኘች፣ ሰሌኑን ጠየቀች። ቄጠማው ተጎዘጎዘ። እዚያው፣ ከማስታወቂያው ፊት ለፊት፣ ምሳችንን በላን። ጥበቃውን ጠራነው፤ አንዴ እምቢ አለ፣ አንዴ አመነታ፣ ሦስተኛውን ጥሪ ሳንጨርስ እጁን ታጥቦ መጣ። እማዬ አጎረሰችው። እንቁላል ሰጠችው። ዱላውን ግንዱ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን በሩ ላይ አድርጎ በላ፤ መኪና ሲመጣ በሞላ አፉ ተነስቶ ይከፍታል፣ ድስት ካለ ይከለክላል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ቡናው ሦስተኛ ድረስ ተጠጣ። ከዚያ የመግቢያውን ከፍለን፣ ሆዳችን ሞልቶ ገባን፤ ውስጥ ያዘዝነው አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ነበር፣ ለአጎቴ፣ እንዲፈጭለት።

ላንጋኖን ለማያውቅ ልንገር፦ ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። ፎቶ ላይ አያምርም፤ ሙሽራም የማይሄደው ለዚህ ይሆናል። ግን ቢልሃርዚያ የለበትም ተብሎ የታመነ፣ ሰው ያለ ሥጋት የሚዋኝበት ሐይቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት አብያታና ሻላ ለዓይን ናቸው፤ ሻላ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ በመሆኑ አክስቴ ስሙ ሲነሳ እንኳ ታማትባለች። ላንጋኖ ላይ ልጆቹ በተነፋ የመኪና ጎማ ይንሳፈፋሉ። አጎቴ ወንጂ የአገዳ ቦይ ውስጥ ዋና እንደተማረ ሲነግረን ኖሯል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ገባና እስከ ጉልበቱ ድረስ ዋኘ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ዳር ቆማ፣ የገባውን ሁሉ በስሙ እየጠራች «በቃ! ውጣ!» ትላለች። የማታውቃቸውን ልጆችም ጭምር። የማታውቃቸው ልጆች ይወጣሉ፣ የኛዎቹ አይወጡም።

በሆራ በዓል ግን በር የለም። ኢሬቻ ከመስቀል ቀጥሎ በሚመጣው እሑድ ቢሾፍቱ ላይ፣ በሆራ አርሰዲ ዳር ይከበራል። ክረምቱን ያሻገረውን ዋቃ ለማመስገን ሰው ነጭ ለብሶ፣ እርጥብ ሣርና አደይ ይዞ ከሌሊት ጀምሮ ይወርዳል፤ አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፣ ሣሩ ውሃው ውስጥ ይነከራል። ወጣቶቹ እያንዳንዳቸው የየአካባቢያቸውን ልብስ ለብሰው ስለሚመጡ ቀለም ማየት ለፈለገ ዓይን ያ ቀን ይበቃዋል። እኛ ዘንድ የሚነሳው ችግር መጠፋፋት ነው። ስልኩ በሰው ብዛት ይጨናነቃል፤ ስለዚህ አስቀድመን «ብንጠፋፋ ትልቁ ዛፍ ሥር» ብለን እንቀጣጠራለን። ያን ቀን ቢሾፍቱ የገባ ቤተሰብ ሁሉ የተቀጣጠረው ትልቁ ዛፍ ሥር ነው። አጎቴን ፍለጋ ሄጄ የሌላ ሰው አጎት አግኝቻለሁ፤ እሱም እኔን የመሰለ የእህት ልጅ ጠፍቶበት ነበርና አብረን ቂጣና ቆጮ በልተን ተለያየን። የበላነው የማን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ቲኬት የጠየቀን፣ ድስት የከለከለን የለም።

ባቱም በጥምቀት እንዲሁ ናት። ጥር 11 ታቦታቱ ወደ ደንበል ሲወርዱ ከተማው ተከትሎ ይወርዳል፤ አባ ኮዳው ራሰ በራውን አቀርቅሮ ከዓሣ አጥማጆቹ ጎን ቆሞ ያያል። የበዓሉ ሰው እዚያው ዳር ዳሩን ይቀመጣል፣ ያለው ያወጣል፣ የሌለው ይጠራል። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በ2009፣ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. መዘገበልን። ሁለቱም ላይ የማይቀረውን አገልግል ግን እስካሁን አልመዘገበም። ሰዎቹ አስተውለውት ይሆናል፤ በር ላይ ማን እንዳስቀረባቸው ግን አይታወቅም።

ከባቱ ነው ወደ ቱሉ ጉዶ በጀልባ የሚኬደው። አክስቴን ጀልባ ላይ ማውጣት ራሱን የቻለ ወግ ነው፣ ላሳጥረው፦ መጀመሪያ ተሳለች፣ ከዚያ ሁለት ተንሳፋፊ ሰደሪያ አንዱን በአንዱ ላይ ለበሰች፣ ከዚያ ጀልባ ነጂውን የአባቱን ስም ጠየቀችው። «ለምንድን ነው እማማ?» አላት። «አንድ ነገር ብሆን ማንን እንደሚጠይቁ ይወቁ» አለች። መሐል ላይ ልጁ በእጁ እያመለከተ «ጉማሬ» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ደሴቱ ድረስ የተሰማው የሞተሩ ድምፅና የአክስቴ ውዳሴ ማርያም ነበር።

ደሴቱ ላይ የሚኖሩት ዘዮች ናቸው። ገበሬም ዓሣ አጥማጅም ናቸው፤ ቋንቋቸው ዘይኛ ከሐረሪና ከስልጢ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፣ በኦሮሚያ መሐል በውሃ ተከብቦ የቆየ። ኮረብታው ላይ ደብረ ጽዮን አለች። አባቶች እንደሚተርኩት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ጽላተ ሙሴን ይዘው እዚህ መጥተው 70 ዓመት ተቀምጠዋል። ይህንን ስትሰማ አክስቴ ዱካዋ ላይ ተስተካክላ ተቀመጠችና «ከአክሱም ድረስ ተሸክመው!» አለች። ከዚያ ወደ እኔ አየች፤ ጠዋት ድስቱን ከአባዱላ ወደ ጀልባ ሳወርድ ያጉረመረምኩትን አልረሳችም።

እዚያ ሬስቶራንት አላገኘንም። ኮክቴል የለም፣ ተንጋዳጅ ወንበር የለም፣ ማስታወቂያም የለም። ሰሌን አንጥፈን አገልግሉን ከፈትን፤ በአጠገባችን ያለፉ እናት ሰላም ብለው ቆሙ፣ እማዬ «ኑ እንብላ» አለች፣ እሳቸው ቁጭ ብለው ትንሽ ቀመሱ፣ ሄዱና የተጠበሰ ዓሣ ይዘው መጡ። አጎቴ ዓሣውን ቀምሶ አዲስ አበባ ስንት እንደሚሸጥ ሒሳብ መሥራት ጀመረ፤ ማንም አልሰማውም። ያን ቀን የእህቴ ልጅ ስለ ዘንባባ አልጠየቀችም። ፎቶ ግን አንስታ ለጓደኞቿ ላከች፤ «የት ነው? ማሊንዲ ነው?» ብለው ጻፉላት።

ባለ ሎጆችን ለመውቀስ አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ሰውየው ብድር ወስዶ ሠርቷል፣ ሠራተኛ ቀጥሯል፣ ከኩሽናው ካልሸጠ አይከፍልም፤ ይገባኛል። ደግሞ ያለ ጠባቂ በተተወው ዳርቻ ላይ ያለው የፌስታልና የሃይላንድ ክምር የኛው የባለ አገልግሎቹ ሥራ ነው፤ ይህንንም አልክድም። ነገር ግን ሐይቁን ያጠረ ሰው ሐይቁን አልሠራውም። ስለዚህ እንዲህ ይሁን፦ የመግቢያውን ዋጋ ትንሽ ጨምሩበት፤ ከአጥሩ ውስጥ አንድ ግራር፣ አንድ የከሰል ምድጃ ማስቀመጫ፣ አንድ የቆሻሻ በርሜል ለይታችሁ ስጡን። የልጆቹን ለስላሳ ከናንተ እንገዛለን። ዓሣ ጉላሻችሁንም እናዝዛለን፣ ጥሩ ከሆነ። ጥበቃችሁንም እናበላለን፤ እሱ እንኳ ቀድሞ ተስማምቷል።